በዲሴምበር መጨረሻ በየአገሩ የሚከበሩ አስገራሚ በዓላትና ለነጋዴ የሚሰጡት ትምህርት

ታኅሣሥ 16 ቀን ለአዲስ አበባ ነጋዴ እንደ ማናቸውም ቀን የሥራ ቀን ነው። በመርካቶ ሱቆች ይከፈታሉ፤ ባንኮች ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ይከፍላሉም፤ ቡና ላኪውም ሰነዱን አሰናድቶ ለደንበኛው ይጽፋል። ነገር ግን በዚያ ቀን ከለንደን ወይም ከሐምቡርግ መልስ የሚሰጠው ሰው አያገኝም። የኢትዮጵያ ታኅሣሥ 16 በኤውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ስለ ሆነ፣ የዚያ አገር የንግድ ጸሐፊ መዝገቡን ዘግቶ ከቤተ ሰቡ ጋራ በማዕድ ተቀምጧል። በኢትዮጵያ ግን ለልደት በዓል ገና 13 ቀን ይቀራል።

ይህን የቀን ልዩነት የማያውቅ ነጋዴ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ከዲሴምበር 20 እስከ 31 ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ከልደት በዓል ሌላ በየአገሩ ስንት ዓይነት በዓል እንደሚከበር፣ ከእነዚህም ስንቶቹን ካህናት ወይም ነገሥታት ሳይሆኑ ገበሬዎችና ባለሱቆች እንዳቋቋሟቸው የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አንዳንዶቹ በዓላት የሚያስቁ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ለሰሚው ተረት ይመስላሉ። ነገር ግን ከሣቁ በስተጀርባ ለነጋዴ ሁሉ የሚገባ አንድ ቁም ነገር ይገኛል፤ ይኸውም ቀን ዕቃን እንዴት እንደሚያስወድድ፣ ያው ቀን ባለፈም ጊዜ ዕቃውን እንዴት ዋጋ እንደሚያሳጣ ነው።

ከዚህ በታች በዓላቱ በየቀናቸው ተራ ተዘርዝረዋል። በመካከላቸው የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ረጅሙ ሌሊትና ሐብሐቡ

በኢራንና በአፍጋኒስታን ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ የሚረዝመው፣ በዲሴምበር 20 ወይም 21 የሚውለው ሌሊት «ያልዳ» ይባላል። ቤተ ዘመድ በሽማግሌዎች ቤት ተሰብስቦ፣ የታላቁን ባለቅኔ የሐፊዝን መጽሐፍ እየገለጠና ጨዋታ እየተጨዋወተ ሌሊቱን ያነጋል። በማዕዱም ላይ ሮማን፣ ለውዝና ሐብሐብ እንዲቀርብ ልማዱ ያዛል። በዓሉ እጅግ ጥንታዊ ሲሆን፣ በ2022 ዩኔስኮ በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ሐብሐብ የሙቀት ወራት ፍሬ ነው። በብርድ መካከል ሐብሐብ ለማቅረብ አንድ ሰው አስቀድሞ ማሰብ፣ ፍሬውንም ሳይበላሽ ማቆየት አለበት። በዚያ ሌሊት ገዥው የሚከፍለው ዋጋ የፍሬው ብቻ ሳይሆን የማቆየቱም ድካም ዋጋ ነው።

ወፍራሙ ዕጣ

በእስፓኝ አገር የልደት ሰሞን የሚከፈተው በቤተ ክርስቲያን ደወል ሳይሆን በሎተሪ ነው። በየዓመቱ ዲሴምበር 22 ቀን በማድሪድ ከተማ የሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ልጆች ከትላልቅ የሽቦ ሉሎች የሚወጡትን ቁጥሮችና ዕጣዎች በዜማ ይጠራሉ፤ ሕዝቡም በየቤቱ፣ በየቡና ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራውን ትቶ ያዳምጣል። ይህ ሎተሪ የተጀመረው በ1812 በካዲዝ ከተማ፣ አገሪቱ ከናፖሌዎን ሠራዊት ጋራ በምትዋጋበት ዘመን፣ ግብር ሳይጨመር ለመንግሥት ገንዘብ ለማግኘት ታስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእርስ በርስ ጦርነት ዘመን እንኳ አልተቋረጠም። አንደኛው ዕጣ «ኤል ጎርዶ»፣ ማለት «ወፍራሙ» ይባላል።

ለንግድ ሰው የሚያስደንቀው የአሻሻጡ ዘዴ ነው። አንድ ሙሉ ቲኬት 200 ዩሮ ስለሚያወጣ፣ በዐሥር ተከፍሎ አንዱ ዐሥረኛ እጅ በ20 ዩሮ ይሸጣል። በዚህም አይቆምም፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ቡና ቤቱ፣ የእግር ኳስ ማኅበሩም ጭምር ቲኬት ገዝቶ ለደንበኞቹና ለአባሎቹ በትንንሽ ድርሻ ያከፋፍላል። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ሰዎች ሁሉ አንድ ቁጥር ይይዛሉ። ደንበኛው ድርሻውን የሚገዛው ለማግኘት ካለው ተስፋ ይልቅ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሀብታም ሆነው እርሱ ብቻ እንዳይቀር በመፍራት ነው የሚሉ አሉ።

ይህ ፍርሃት ከንቱ አለመሆኑ በ2011 ታይቷል። በሰሜን ምሥራቅ እስፓኝ በምትገኝ ሶዴቶ በምትባል ትንሽ የገበሬዎች መንደር፣ የሴቶች ማኅበር በየቤቱ እየዞረ ድርሻ ከሸጠ በኋላ አንደኛው ዕጣ ለዚያው ቁጥር ወጣ። ሰባ ያህል ከሆኑት ቤተ ሰቦች ውስጥ ሳይደርሰው የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሻጮቹ በሩን ሳያንኳኩ አልፈዋልና። ከዚህ ታሪክ ባለሱቅ የሚማረው ነገር ቢኖር፣ ደንበኛን በር ድረስ ሄዶ መጠየቅ ለሁለቱም ወገን ጥቅም መሆኑን ነው።

የፍጅል ሌሊት

በደቡብ ሜክሲኮ በምትገኘው በዋሃካ ከተማ ዲሴምበር 23 «የፍጅል ሌሊት» ተብሎ ይከበራል። ፍጅል እስፓኞች ወደዚያ አገር ያመጡት፣ ሥሩ ቀይ የሆነ አትክልት ነው። በዋሃካ የልደት ዋዜማ ገበያ፣ ገበሬዎች ለበዓል የሚሆን አትክልትና የጨው ዓሣ ይዘው በሚቀርቡበት ጊዜ፣ ከመካከላቸው አንዳንድ ብልኆች የአላፊ አግዳሚውን ዓይን ለመሳብ ፍጅሉን በቢላዋ እየቀረጹ የሰውና የእንስሳ መልክ ይሰጡት ጀመር። ቀዩ ልጥ ሲነሣ ነጩ ሥጋ ስለሚታይ፣ ሥራው በሁለት ቀለም የተሣለ ይመስላል። የቤት እመቤቶችም ፍጅሉን የገዙት ለመብል ሳይሆን የበዓል ማዕዳቸውን ለማስጌጥ ነበር።

በ1897 የከተማው ሹም ፍራንሲስኮ ቫስኮንሴሎስ ይህን የገበያ ልማድ ወደ ውድድር ለወጡት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ገበሬዎችና ቀራጮች በከተማው ዐደባባይ ሥራቸውን ያሳያሉ። ለውድድሩ የሚሆነው ፍጅል ለብቻው የሚዘራና በመሬት ውስጥ ከተለመደው ጊዜ በላይ የሚቆይ በመሆኑ፣ እስከ 3 ኪሎ ሊመዝንና እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ይህ ፍጅል አይበላም፤ ከገበያ ዕቃነት ወጥቶ የጥበብ ዕቃ ሆኗል። በእርሱም የጌታ ልደት፣ የቅዱሳን ታሪክ፣ የአገሩ ጭፈራና የዱር አራዊት ይቀረጻል። ሕዝቡ ለማየት ለሰዓታት ተሰልፎ ይቆማል፤ አሸናፊውም ሽልማት ይቀበላል።

ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ ጥበብ ዕድሜ የአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ፍጅል ከተቆረጠ በኋላ ይጠወልጋልና ቀራጮቹ ሥራቸው እንዳይደርቅ ውሃ እየረጩ ይጠብቁታል። በማግሥቱ ከዚያ ሁሉ ውበት ተጨማድዶ የጠቆረ ሥር ብቻ ይቀራል። ከፍጅሉ በጎን የደረቀ አበባና የበቆሎ ልጥ ሥራ እንዲወዳደር መደረጉ ለዚህ ችግር መፍትሔ ሳይሆን አልቀረም፤ እነዚህ ከበዓሉም በኋላ ይቆያሉና። በእርግጥ ገበሬው ከፍጅሉ ከሚያገኘው ይልቅ፣ ፍጅሉን ለማየት የሚመጣው እንግዳ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በዕደ ጥበብ ሱቅ የሚያወጣው ገንዘብ ይበልጣል። አንድ ገበሬ ዕቃውን ለማስጌጥ ያሰበው ትንሽ ዘዴ ከመቶ ዓመት በኋላ የአንድ ከተማ ገቢ ሆኗል።

ዶሮና ኬክ በጃፓን

በጃፓን ክርስቲያኖች ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ዲሴምበር 25ም የሥራ ቀን ነው። ሆኖም በልደት ዋዜማ ምሽት ብዙ ሕዝብ በአንድ የአሜሪካ ምግብ ቤት ደጅ ተሰልፎ ይታያል። ኬንተኪ የተባለው የተጠበሰ ዶሮ ሻጭ በጃፓን ሥራ የጀመረው በ1970 ነበር። በ1974 ድርጅቱ በአገሩ ሁሉ የልደት በዓል ምግብ የተጠበሰ ዶሮ ነው የሚል ማስታወቂያ አወጣ። የጃፓን ሕዝብ ለዚህ ቀን የራሱ የሆነ የቆየ ምግብ ስላልነበረው ማስታወቂያው ባዶ ስፍራ አገኘና ገባበት። ዛሬ ቤተ ሰቦች ለዚያ ምሽት የሚሆነውን ዶሮ ከሳምንታት በፊት ያዝዛሉ።

ከዶሮው ጋራ የሚቀርበው በነጭ ክሬምና በእንጆሪ ያጌጠ ኬክ ነው። በብርድ ወራት እንጆሪ እንዲደርስ ለማድረግ ገበሬዎች በፕላስቲክ ቤት ያበቅሉታል። ኬኩ ዲሴምበር 24 በሙሉ ዋጋ ይሸጣል፤ ዲሴምበር 25 ማታ ዋጋው ይወድቃል፤ ዲሴምበር 26 የሚፈልገው የለም። ስለዚህ የጃፓን ኬክ ጋጋሪዎች ትእዛዝን አስቀድሞ በመቀበል ይጠነቀቃሉ። አስቀድሞ ያዘዘ ደንበኛ የሻጩን ኪሳራ ይቀንሳል፤ ሻጩም ስንት እንደሚጋግር ያውቃል። ለበዓል ዶሮና እንቁላል ለሚያቀርብ የኢትዮጵያ ባለሱቅም ይህ ዘዴ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም።

የሣጥን ቀን

በብሪታንያ ዲሴምበር 26 «ቦክሲንግ ዴይ» ይባላል። ስሙን ሰምቶ የቡጢ ግጥሚያ ቀን የሚመስለው ሰው አይታጣም፤ ትርጓሜው ግን የሣጥን ቀን ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን በየሱቁ የሚሠሩ ልጆችና አሽከሮች ከልደት በዓል በፊት የገንዘብ ማጠራቀሚያ ያስቀምጡ ነበር፤ ደንበኛውም ሒሳቡን ሲከፍል ጥቂት ሳንቲም ይጨምርበታል። ዕለት ተዕለት ኑሮውን በማስታወሻ የጻፈው ሳሙኤል ፒፕስ በዲሴምበር 1663 ለጫማ ሰሪው ዕዳውን ከከፈለ በኋላ ለልጆቹ ሣጥን ስጦታ ማድረጉን መዝግቧል። ቀኑ የባንክ በዓል እንዲሆን በሕግ የተወሰነው በ1871 ነው።

በኋላ ግን የሣጥኑ ቀን መልኩን ለወጠ። ዛሬ በብሪታንያም ሆነ በካናዳ ይህ ቀን ከሁሉ በላይ የዋጋ ቅናሽ ቀን ሆኖ ይታወቃል፤ ሳይሸጥ የቀረው የበዓል ዕቃ የሚራገፈው በዚያ ነው። አንዳንድ ታላላቅ መደብሮች ደግሞ በተቃራኒው ሠራተኞቻቸው እንዲያርፉ ብለው በዚህ ቀን ይዘጋሉ፤ በዚህም ወደ ጥንተ ነገሩ ተመልሰዋል ማለት ይቻላል። ለሱቅ ሠራተኛ የተሰጠ ስጦታና ዕረፍት ወጪ መስሎ ቢታይም፣ በበዓሉ ዋዜማ እስከ ሌሊት ድረስ የቆመው እርሱ መሆኑን ባለቤቱ መዘንጋት የለበትም።

በዚያው በዲሴምበር 26 በአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ዘንድ «ክዋንዛ» የተባለው የሰባት ቀን በዓል ይጀመራል። በዓሉን በ1966 በካሊፎርኒያ ያቋቋሙት ማውላና ካሬንጋ ናቸው። ለየቀኑ በስዋሂሊ ቋንቋ የተሰየመ አንድ መመሪያ ያለው ሲሆን፣ አራተኛው ቀን «ኡጃማ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ሕዝቡ የራሱን ሱቅና የንግድ ድርጅት በኅብረት አቋቁሞ በጥቅሙ እንዲካፈል ማለት ነው። ከበዓላት ሁሉ መካከል ባለሱቅን በስም የሚያስብ ቀን ማግኘት ብርቅ ነገር ነው።

የዱቄት ሹሞች

ዲሴምበር 28 ቀን በእስፓኝ የቀልድ ቀን ነው። ጋዜጦች ሳይቀሩ በዚያ ቀን የፈጠራ ወሬ ያትማሉ፤ ስለዚህ በዚያ ዕለት ከእስፓኝ ጋዜጣ ያልተለመደ ዋጋ ወይም አዲስ የቀረጥ ደንብ ያነበበ ነጋዴ ውል ከመጻፉ በፊት በማግሥቱ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

በአሊካንቴ አውራጃ በምትገኝ፣ በአሻንጉሊት ሥራ በታወቀች ኢቢ በምትባል ከተማ ግን ቀልዱ ከወሬ ያልፋል። ፊታቸውን በዱቄት የነሰነሱ ሰዎች ከማለዳ ጀምረው ከተማውን ይይዛሉ፤ ከመካከላቸውም የአንድ ቀን ሹምና ዳኛ ይሾማሉ፤ አዲስ ሕግም ያውጃሉ። ሥልጣኑን ሊነጥቁ ከሚመጡት ተቃዋሚዎች ጋራ በዱቄት፣ በእንቁላልና በርችት ይዋጋሉ። ከዚያም በየሱቁ እየገቡ ሒሳብ እንደሚመረምር ባለሥልጣን ይመረምራሉ፤ በማናቸውም ምክንያት መቀጫ ይጥላሉ። ያልከፈለ ባለሱቅ ዱቄት ይነሰነስበታል። የተሰበሰበው ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ይውላል። ይህ ልማድ የቆየ ሲሆን፣ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ1981 እንደ ገና ተቋቁሟል።

በግብርና በቁጥጥር የሚማረሩ ባለሱቆች በዓለም ሁሉ አሉ። መራራውን ነገር በዓመት አንድ ቀን ወደ ሣቅ ለውጠው ገንዘቡን ለድኾች የሚሰጡ ግን የኢቢ ሰዎች ናቸው።

ታኅሣሥ 19 በቁሉቢ

ዲሴምበር 28 በኢትዮጵያ ታኅሣሥ 19 ሲሆን፣ የመልአኩ የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ነው። ይህ እንደ ላይኞቹ የጨዋታ ቀን አይደለም፤ ሦስቱ ሕፃናት አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእቶን እሳት የዳኑበት የሚታሰብበት ቅዱስ ቀን ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ በቁሉቢ በሚገኘው ደብር ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ የሚመጣው ምእመን ስለቱን ያስገባል፤ አንዳንዱም ረጅሙን መንገድ በእግሩ ይጓዛል። ከውጭ አገር የሚመጣውም ቁጥሩ ጥቂት አይደለም።

ስለ ንግድ የታየ እንደ ሆነ ግን በዚያ ሰሞን ጧፍ፣ ዣንጥላ፣ ምንጣፍና ዕጣን ይፈለጋሉ፤ የመኪና ስፍራ ይጠፋል፤ በድሬዳዋና በሐረር ማረፊያ ክፍል ማግኘት ያስቸግራል። ከሐረርጌ ጋራ የሚነግድ ሰው ዕቃውን ለማስጫን ይህን ሳምንት ቢመርጥ እንደሚዘገይ ማወቅ አለበት። ለኢትዮጵያ ነጋዴ የዲሴምበር መጨረሻ ባዶ ወራት አይደለም ማለት ነው፤ ከአንድ ወገን የቁሉቢ መንገድ፣ ከሌላ ወገን የልደት ገበያ ይጠብቁታል።

ዐሥራ ሁለት የወይን ፍሬዎች

ከእነዚህ በዓላት ሁሉ ነጋዴን በይበልጥ የሚያስተምረው የመጨረሻው ነው። ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት በማድሪድ ፑኤርታ ዴል ሶል በተባለው ዐደባባይ ያለው ሰዓት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሲደወል፣ እስፓኛዊ ሁሉ በየደወሉ አንዳንድ የወይን ፍሬ ይጐርሳል። ዐሥራ ሁለቱን ከደወሉ ጋራ እኩል የጨረሰ በአዲሱ ዓመት ዕድሉ ይቀናል ይባላል። በየደወሉ መካከል ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው በሣቅና በሙሉ አፍ አዲሱን ዓመት ይቀበላል።

ወይን መብላቱ በማድሪድ ባለጠጎች ዘንድ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይታወቅ ነበር። ወደ ሕዝቡ ሁሉ የተስፋፋው ግን በ1909 ነው ይባላል። በዚያ ዓመት በአሊካንቴ አውራጃ ምርቱ ከመጠን በላይ ስለ ነበረ፣ ገበሬዎቹ የተረፋቸውን ወይን የዕድል ወይን ብለው ለዘመን መለወጫ ሸጡት። ሌላ አገር ቢሆን ዋጋውን አውርዶ በኪሳራ የሚያራግፈው ምርት፣ በዚያ ስሙን ለውጦ የዓመት ልማድ ሆነ።

ገበሬዎቹም ልማዱን በወሬ ብቻ አላቆሙትም፤ ዕቃቸውንም አሻሻሉት። በቪናሎፖ ሸለቆ ዘለላው ገና በዛፉ ላይ ሳለ በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል። በመጀመሪያ ይህ የተደረገው ከነቀዝ ለመከላከል ነበር፤ ኋላ ግን ከረጢቱ የፍሬውን ልጥ ስስ እንደሚያደርገው፣ መብሰሉንም እንደሚያዘገየው ታወቀ። በዚህ ዘዴ አሌዶ የተባለው የወይን ዓይነት እስከ ኖቬምበርና ዲሴምበር ድረስ በዛፉ ላይ ቆይቶ ልክ በሚፈለግበት ሳምንት ይደርሳል። የቪናሎፖ ወይን ዛሬ በትውልድ ስፍራው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው። ለቸኰለ ገዥም ልጡ የተነሣለት፣ ፍሬው የወጣለት፣ ዐሥራ ሁለት ተቈጥሮ የታሸገ ትንሽ ቆርቆሮ በየሱቁ ይገኛል።

ዋሃካ ፍጅሉን፣ ጃፓን ኬኩን ከአንድ ሌሊት ሊያሳልፉት አልቻሉም። የአሊካንቴ ገበሬ ግን ዕቃውን ወደ ቀኑ አደረሰ፤ ከቀኑም አልፎ እንዲቆይ በቆርቆሮ አሸገው። ትርፉ የሚገኘው በዚህ መካከል ነው።

የበዓል ቀንና የባንክ ሰነድ

እስከዚህ የተነገረው ለባለሱቁ ነው። ላኪና አስመጪ ግን ከእነዚህ ቀናት የሚያገኙት ትምህርት ከሣቅ ይልቅ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

ኤልሲ በሚባለው የባንክ መተማመኛ ሰነድ የሚነግዱ ሁሉ፣ ሰነዱ የሚመራበትን የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት ደንብ ያውቃሉ፤ ይህም ዩሲፒ 600 የተባለው፣ ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። በደንቡ 29ኛ አንቀጽ መሠረት፣ የኤልሲው መጨረሻ ቀን ባንኩ በበዓል ምክንያት በሚዘጋበት ቀን ላይ ቢውል፣ ቀኑ ወደሚቀጥለው የባንክ ሥራ ቀን ይተላለፋል። ብዙ ሰው እስከዚህ ያነብና ያቆማል። ያው አንቀጽ ግን ዕቃው የሚጫንበት መጨረሻ ቀን በዚህ ምክንያት እንደማይራዘም በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ የኤልሲውም ሆነ የመጫኛው መጨረሻ ዲሴምበር 25 የሆነ ላኪ፣ ሰነዱን ከበዓሉ በኋላ ሊያቀርብ ይችላል፤ ዕቃውን ከበዓሉ በኋላ ከጫነ ግን ሰነዱ ጉድለት አለበት ተብሎ ክፍያው ሊከለከል ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የምርመራው ጊዜ ነው። በ14ኛው አንቀጽ ባንኩ የቀረበለትን ሰነድ ለመመርመር ከቀረበበት ቀን ማግሥት ጀምሮ እስከ አምስት የባንክ ሥራ ቀን ይፈቀድለታል። በማንኛውም ሌላ ወር ይህ አንድ ሳምንት ያህል ነው። በ2025 ግን ዲሴምበር 23፣ ማክሰኞ፣ ለለንደን ባንክ የቀረበ ሰነድ እንዴት እንደሚቈጠር ይታይ። ረቡዕ 24 አንደኛው ቀን ነው። ሐሙስና ዓርብ በዓላት ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ነው። ሰኞ 29፣ ማክሰኞ 30ና ረቡዕ 31 ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ይሆናሉ። ሐሙስ የአዲስ ዓመት በዓል ነው። አምስተኛው ቀን ዓርብ ጃንዋሪ 2 ይውላል። ታኅሣሥ 14 የቀረበ ሰነድ ታኅሣሥ 24 ድረስ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ላኪ ቀላል ነገር አይደለም። ቡናውን ላቀረበለት አቅራቢ፣ ለለቃሚ ሠራተኛና ለመኪና ባለንብረት ከገና በፊት እከፍላለሁ ብሎ ቃል የሰጠ ሰው፣ ገንዘቡ በደኅና ቢመጣ እንኳ ለበዓሉ የሚቀረው አምስት ቀን ብቻ ነው። ሰነዱ በትንሽ የፊደል ስሕተት ቢመለስ ግን በዓሉ ከመከፈሉ በፊት ይደርሳል። ያን ጊዜ የሚጐዳው ላኪው ብቻ ሳይሆን፣ ለልጆቹ ልብስ፣ ለማዕዱም በግ ሊገዛ ያሰበ ቤተ ሰብ ሁሉ ነው፤ በዚያውም ልክ የባለሱቁ ገበያ ይቀዘቅዛል።

የየአገሩ ቀንም አንድ አይደለም። በጀርመን ዲሴምበር 25ና 26 ሁለቱም በዓላት ናቸው። ጃፓን በዲሴምበር 25 ትሠራለች፤ ባንኮቿ ግን ከዲሴምበር 31 እስከ ጃንዋሪ 3 ይዘጋሉ። በቻይና ዲሴምበር 25 የሥራ ቀን ነው፤ በሆንግ ኮንግ ግን ይዘጋል። ከዚህም ሌላ በኢትዮጵያ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግሥት የቀኑ ንጽጽር በአንድ ይለያያል፤ በዚያን ዓመት ዲሴምበር 25 ታኅሣሥ 15 ላይ ይውላል፤ የልደት በዓልም ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ስለዚህ በውልና በኤልሲ ላይ የሁለቱንም አቆጣጠር ቀን ጐን ለጐን መጻፍ፣ የመጫኛውንም ቀን ከዲሴምበር 20 በፊት ማድረግ፣ ሰነዱን ከማቅረብ በፊት ለባንኩ አሳይቶ ማስመርመር የማያስከፍል ጥንቃቄ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘሩት ሕዝቦች በቋንቋና በሃይማኖት ይለያያሉ፤ ነገር ግን ሁሉም በዓመቱ መጨረሻ አንድ ነገር በማዕዳቸው ላይ እንዲገኝ ይፈልጋሉ፤ ያንንም ለማግኘት ገንዘብ ለማውጣት አይሣሡም። የሚያቀርብላቸው ሰው የሚያተርፈው ግን ሦስት ነገሮችን ያወቀ እንደ ሆነ ነው፤ ዕቃው በየትኛው ቀን እንደሚፈለግ፣ ስንት እንደሚፈለግ፣ በማግሥቱም ምን እንደሚሆን።

በኢትዮጵያ የልደት ገበያ ከታኅሣሥ 20 በኋላ ይሞቃል። በዚያ ጊዜ ትእዛዙን አስቀድሞ የተቀበለ፣ የሚበላሸውን ከሚቆየው የለየ፣ ሠራተኛውን ያሰበ፣ ከውጭ የሚመጣውን ገንዘብም በትክክለኛው ቀን የጠበቀ ነጋዴ በዓሉን ከቤተ ሰቡ ጋራ በሰላም ያከብራል። አበው አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ያሉት ለወጥ ብቻ አልነበረም።